ይምርሐነ ክርስቶስ ስትገቡ ቶሎ መብራት አታብሩ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነበር፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ነው። እናቴንና የ10 ዓመት ልጄን ይዤ ላሊበላ አካባቢ ወዳለው ይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አስቤያለሁ። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ሄዳ የመጣች ጓደኛዬ ግን ‹ዋሻ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ሥዕሉም ደብዝዟል፣ 10 ደቂቃ ቆመን ወጣን› አለችኝ። ያን ሁሉ መንገድ ያዋጣል? ከኋላው የሰው ዐፅም አለ ይባላል፣ ልጄ ይደነግጥ ይሆን? ፎቶስ ይቻላል?»

እህቴ፣ ጓደኛሽ አልዋሸችሽም። 10 ደቂቃ ቆሞ የወጣ ሰው ከዚያ የበለጠ አያይም። ያዋጣል ወይ ላልሽው ግን፣ ያዋጣል፤ ያውም እንዴት! አንድ ነገር ብቻ እሺ በይኝ፦ ጊዜ ስጡት። ውስጥ ለመቆየት ሁለት ሰዓት ያህል ያዙ። ሌላው ምክሬ ሁሉ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

እኔ አስጎብኚ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ጣና ላይ፣ እንግዳ በጀልባ ወደ ዘጌ እያመላለስኩ ነው። ወደ ላስታ፣ ወደ ላሊበላ አገር፣ መውጣት የጀመርኩት በኋላ ነው። የመጀመሪያው ቀን አሁንም ትዝ ይለኛል። ፀሐይ ላይ ቆይተን ገባን። ገና ከመግባታችን ሁላችንም የስልካችንን መብራት አበራን። ነጭ ክብ ብርሃን ግድግዳው ላይ ይሯሯጣል፤ አንዱ ጣሪያውን፣ አንዱ ምሰሶውን፣ አንዱ የጓደኛውን ጀርባ ያበራል፤ አንድን ነገር ሙሉውን ያየ ግን አልነበረም። አንድ አዛውንት ቄስ ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። «አጥፉትና ትንሽ ቁጭ በሉ» አሉን። ቅር እያለን አጠፋን። ከሩብ ሰዓት በኋላ ይመስለኛል፣ ከራሴ በላይ ያለው ጣሪያ ቀስ እያለ ብቅ ማለት ጀመረ። ድፍን ጥቁር የነበረው ነገር መስመር አወጣ። መስመሩ መስቀል ሆነ። ከመስቀሉ አጠገብ ሌላ መስቀል። ከዚያ ቀን ወዲህ እንግዳ ይዤ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ማስቀመጥ ነው።

ይህ ተአምር አይደለም፣ የዓይናችን ተፈጥሮ ነው። ከፀሐይ ወደ ጨለማ ስትገቢ ብሌንሽ ወዲያው ይሰፋል። ከዓይናችን ኋላ ያለው ብርሃን የሚቀበለው ክፍል ግን ጨለማውን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። በድንግዝግዝ የሚያዩልን ሕዋሳት ደግሞ ቀለም አይለዩም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታይሽ ቅርጽ ነው። ቀለሙ ትንሽ ብርሃን ሲያገኝ በኋላ ይመጣል። 20 ደቂቃ ታግሠሽ ቆይተሽ አንድ ሰው የስልኩን መብራት ፊትሽ ላይ ቢያበራ ድካምሽ ገደል ገባ፤ እንደገና ከዜሮ መጀመር ነው። ለልጅሽ ይህን አስቀድመሽ ንገሪው። «ማን ቀድሞ ያያል» ብለሽ ብታወዳድሪው ከአንቺም ከእናትሽም የሚቀድም እሱ ነው። የልጅ ዓይን ቶሎ ይለምዳል።

አሁን ስለ ቤቱ። ብዙ ሰው ፍልፍል ይመስለዋል። አይደለም። ላሊበላ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። ይምርሐነ ክርስቶስ ግን ሰፊ ዋሻ ውስጥ የተገነባ ሙሉ ሕንጻ ነው፤ ግድግዳ፣ መስኮት፣ ጣሪያ ሁሉ ያለው። ያሠራው በስሙ የሚጠራው የዛግዌው ንጉሥና ካህን ነው፣ ከቅዱስ ላሊበላ በፊት የነገሠው። እናም ቤቱ 800 ዓመት አልፎታል። አሠራሩ ከዚያም የቆየ ነው፣ የአክሱሞች ነው። አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት፣ እንደገና ድንጋይ። ግድግዳው ወጣ ገባ ይላል፣ ዝም ብሎ ልሙጥ አይደለም። ከውጭ ስታዪው ጥቁርና ነጭ ጥለት ያለው ጋቢ ይመስላል።

እንጨትና ልስን ዝናብ ላይ ቢውል ይህን ያህል ዘመን አይቆይም ነበር። ያቆየው ዋሻው ነው። ክረምቱ ከላይ ሲወርድ የአለቱ ጣሪያ እንደ ጃንጥላ ተቀብሎ ያሳልፈዋል። ዋሻው አፍ ላይ የምታዩት የግንብ አጥር ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው፤ የዛሬ አርባ ዓመት ገደማ የተሠራ። ብዙ ሰው እሱን ዓይቶ «ይህ ነው እንዴ?» ብሎ ፊቱ ይጠቁራል። አልፋችሁ ግቡ።

እዚያ ስትደርሱ አንድ መስኮት ምረጡና ፊቱ ቁሙ። አንድ ብቻ። መስኮቶቹ በተፈለፈለ ድንጋይና እንጨት የተሞሉ ናቸው፣ የመስቀልና የተጠላለፈ ጌጥ ቅርጽ አላቸው፣ ጌጣቸውም ከመስኮት መስኮት ይለያያል። ከውስጥ ሆናችሁ ስታዩት ጠርዙ የደበዘዘ የብርሃን መስቀል ነው። ብርሃኑ ቀጥ ብሎ አይገባም፤ መጀመሪያ ከዋሻው አፍ ገብቶ አለቱን ነክቶ ተመልሶ ነው በቀዳዳው የሚሾልከው። ስለዚህ ዓይን አይወጋም። እናትሽ ከሁሉም ይህንን የምትወደው ይመስለኛል።

ከዚያ ጣሪያው። በመሃለኛው ክፍል ላይ ያለው የእንጨት ጣሪያ በትንንሽ ክፍል ክፍል ተከፋፍሎ በቅርጻ ቅርጽ የተሞላ ነው። እዚህ ላይ ነው መብራት የሚያስፈልገው፣ ግን አጠቃቀሙን እወቂበት። ብዙ ሰው ባትሪውን ፊት ለፊት ይደግነዋል። ፊት ለፊት የመጣ ብርሃን ጥላ አያወጣም፣ ጥላ ከሌለ ደግሞ ቅርጹ ይሞትና እንጨቱ እንደ ካርቶን ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል። አስቀድሞ ካህኑን አስፈቅጂ። ከዚያ ደከም ያለ ባትሪ ያዢ፤ በመሐረብ ብትሸፍኚው በቂ ነው። ወደ ጎን ራቅ በይና ብርሃኑን ከጎን በኩል አግድም ላኪው። ቢላው የገባበት ቦይ በሙሉ በጥላ ይሞላል። ያኔ እጅ የሠራው መሆኑ ይገባሻል፤ አንዱ መስመር ከጎረቤቱ ትንሽ ጠለቅ ብሎ፣ አንዱ ጥግ ላይ ትንሽ ሳት ብሎ። እኔ ስንቴ አይቼው አሁንም አልጠገብኩትም።

ሥዕሎቹ ያሉት ከፍ ብለው ነው። እውነት ነው፣ ደብዝዘዋል። በየቦታውም ተላልጠዋል። ግን በአገራችን ካሉት የግድግዳ ሥዕሎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት መካከል ናቸው። አንድ ዓይነ ስውር የሆነ አባት ቤት ገብተሽ ‹ለምን እንደ ልጅ አያይም› ብለሽ አታዝኚበትም፣ ዕድሜውን ነው የምታከብሪው። እነዚህንም እንደዚያ እዪአቸው። ሰው የማይነግራችሁን አንድ ብልሃት ልንገርሽ፦ ባይኖኩላር ካላችሁ ወይም መዋስ ከቻላችሁ ያዙ። ወፍ ለማየት የሚጠቀሙበት ትንሹ ይበቃል። ባትሪ ከማብራት ይልቅ እሱ ብዙ ያሳያል።

አሁን ደግሞ ሌላ ሐሳብ አለኝ። የምትኖሩት ባሕር ዳር ከሆነ፣ ከጉዞው በፊት አንድ ቅዳሜ እናትሽንና ልጅሽን ይዘሽ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሂጂ። በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከወደቡ ወርዳችሁ በቡናው ጫካ መሃል ትንሽ መንገድ አለ፤ ለእናትሽ ጉልበት ጥሩ መለማመጃ ነው፣ እዚያ ካቃታት ይምርሐነም ይከብዳታል። ኡራ ሴት ይገባል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ለሴት አይፈቀድም፣ ጀልባ ስትከራዪ ሳታውቂ እንዳይወስዱሽ።

ለምን ኡራ አልኩ? ዓይን ለማስተማር። የኡራ ሥዕሎች በመቅደሱ ዙሪያ ግድግዳ ላይ በጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው፣ አብዛኞቹም የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፤ ገና ስትገቢ ይጮሃሉ። አገልጋዩ መጋረጃውን ይገልጥና በረጅም ዘንግ አንድ በአንድ ያሳያል። ልጅሽን እዚያ ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቂው፦ «ማን ነው ሁለት ዓይኑ የሚታየው፣ ማን ነው አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታየው?» በአገራችን ሥዕል ደጋጎቹ ሙሉ ፊታቸውን ይዘው ሁለት ዓይናቸው ይታያል፣ ክፉዎቹ ወደ ጎን ዞረው በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ልጅ ይህን ካወቀ ግድግዳውን እየዞረ ራሱ መፈለግ ይጀምራል፣ አንቺ ሳትጎትቺው። ዓይኑ ሥዕል ማንበብ ከለመደ በኋላ የይምርሐነ ክርስቶስ የደበዘዘ ግድግዳ ዝም አይለውም።

ቀጥሎ፣ ስለ መንካት። ይህ ከልቤ የምናገረው ነገር ነው። አንድ ጊዜ የያዝኩት ቡድን ውስጥ አንድ ሰው ፎቶ ለመነሳት ግድግዳው ላይ በትከሻው ተደገፈ። ሲነሳ ጃኬቱ ላይ ነጭ ዱቄት ነበር። እሱ እፍ ብሎ አራገፈው። እኔ ግን ያ ዱቄት ምን እንደሆነ አውቄ ለረጅም ጊዜ ከውስጤ አልወጣ አለኝ። ሳልናገር በመዘግየቴ የእኔም ጥፋት አለበት። ያረጀ ልስን ውስጡ ላልቶ ላዩ ብቻ ይቀራል። ትከሻ፣ ቦርሳ፣ የልጅ ጣት ይበቃዋል። የእጃችን ወዝ ደግሞ አቧራና ጥላሸት ይስባል፤ ዛሬ የነካሽው ቦታ እያደር ይጠቁራል። ስለዚህ የጀርባ ቦርሳ ካላችሁ ወደ ደረት አዙሩት። ጧፍ ከያዛችሁ ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ፣ ካህናቱ ባዘዙት ቦታ ብቻ። ሥዕልን በእርጥብ ጨርቅ ‹ላጽዳው› ማለት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። በፍቅር እያሉ ሥዕል የሚያጠፉ ሰዎች አይቻለሁ።

ትንፋሽም ያበላሻል የሚባል ወሬ አለ፣ እሱ እውነትም ነው፣ ግን በቦታው ነው። ፈረንሳይ አገር ላስኮ የሚባል ጥንታዊ ሥዕል ያለበት የከርሰ ምድር ዋሻ አለ። በ1940 እ.ኤ.አ. ተገኘ፣ በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ፣ በቀን ከ1,000 በላይ ሰው ይገባ ጀመር። የሰዎቹ ትንፋሽና ሙቀት፣ መብራቱም ተጨምሮ፣ አየሩን ለወጠው፤ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ነገር በቀለበት። በ1963 ዘጉት። አሁን ሰው የሚጎበኘው አጠገቡ የተሠራውን ቅጂ ነው። የእኛው ዋሻ አፉ ክፍት ስለሆነ አየር ይመላለሳል፣ እንደዚያ የታፈነ አይደለም። ቢሆንም ሕንጻው ውስጥ 40 ሰው አንዴ ተጨናንቆ ሲቆም ይሰማሻል፣ አየሩ ይከብዳል። ሰው ከበዛ ውጭ ጠብቁና ሲቀል ግቡ። ለእናትሽም ትንፋሽ የሚሻለው ይህ ነው።

ፎቶ ላልሽው፦ እዚያው ጠይቂ፣ በአገልግሎት ሰዓት ግን አትሞክሪው። ፍላሽ አይፈቀድም። አንድ ፍላሽ ብቻውን ሥዕል ያጠፋል የሚለው ተጋኗል። ግን ፍላሽ ቅርጹን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፣ የለመደውን የሰው ዓይን ሁሉ በአንዴ ያሳውራል፣ የሚጸልይም ሰው ይረብሻል። እኔ የምመክርሽ መጀመሪያ አንድ ሰዓት ስልክሽን ቦርሳ ውስጥ አድርጊው። ከዚያ ሦስት ፎቶ አንሺ።

ወደ ዐፅሙ ልምጣ። አዎ፣ አለ፤ ብዙ ነው። ከሕንጻው ኋላ፣ ዋሻው ጥልቅ በሆነበት በኩል፣ የደረቁ አስከሬኖች ተደራርበው ተኝተዋል። በሰሌን የተጠቀለሉ አሉ፣ የተገለጡም አሉ። በትውፊቱ፣ ከግብጽ፣ ከሶርያ፣ ከኢየሩሳሌም ድረስ መጥተው እዚህ ማረፍን የመረጡ ተሳላሚዎች ናቸው። የንጉሡም መቃብር እዚያው ዋሻ ውስጥ ነው። ልጅሽ ሳያውቅ ዞሮ ድንገት ቢያይ ይደነግጣል፣ አዋቂም ይደነግጣል። አስቀድመሽ ንገሪው፤ በማስፈራራት ሳይሆን እንደ ቁም ነገር። «ከሩቅ መጥተው እዚህ ያረፉ ሰዎች አሉ፣ እናያቸዋለን፣ ካልፈለግህ አናይም» በይው። ምርጫ የተሰጠው ልጅ አይፈራም። እኔ ያየሁት ይህንን ነው። አንዳንድ ልጅ ከአዋቂ ይልቅ ረጋ ብሎ ይቆምና «ስማቸው ማን ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ፊታቸውን በቅርብ ፎቶ ማንሳት ግን ይቅር። የሰው ልጅ ናቸው።

ስለ መንገዱ። በመጀመሪያ፣ በዚያ ሳምንት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሚያመላልሱት ሹፌሮች አጣሪ፣ በመነሻው ዕለት ጠዋትም ደግመሽ ጠይቂ። «አይመከርም» ካሉሽ ቅሪ፣ ዋሻው የትም አይሄድም። በመኪና ከሆነ በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫ አድርጋችሁ ጋሸና፣ ከዚያ ወደ ላሊበላ ነው። በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ብላችሁ እንዳታስቡ። ላሊበላ እደሩ፣ ይምርሐነ በማግሥቱ ጠዋት። ከላሊበላ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱ ግን ኪሎ ሜትሩን አይመስልም፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያዙለት። በብልባላ በኩል ስታልፉ ሌሎች ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናትም አሉ፤ እናትሽ ካልደከማት በመልስ አንዱን ጨምሩ፣ ከደከማት ተዉት።

ከመኪና ከወረዳችሁ በኋላ በጽድ ጫካ ውስጥ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ አለ። ለጤነኛ ሰው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። ለእናትሽ 40 ደቂቃ ያዢና አታጣድፊያት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ ዋሻው 2,700 አካባቢ ነው፤ ትንፋሽ የሚያጥረው ጉልበት ስላነሳት ብቻ አይደለም፣ አየሩም ሳስቷል። ላሊበላ ማደር ለዚህም ይጠቅማል። ምርኩዝ ትያዝ። በቅሎ ካስፈለገ ላሊበላ ሳላችሁ ሰው አነጋግሩ፣ እዚያ ደርሶ መፈለግ አይመችም። መንገድ ላይ ክንድ የሚይዙ የሰፈሩ ወጣቶች አሉ፤ እሺ በያቸው፣ ሲጨርሱም አመስግኚና ጉርሻቸውን ስጪ። ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይልቅ ጉልበት እንደሚጎዳ እናትሽም ታውቀዋለች፤ ስለዚህ ጉልበቷን ለመልሱ ታስተርፍ።

ቀኑን በተመለከተ፣ ጥቅምት 19 የንጉሡ በዓል ነው። ለበረከት ከሆነ እሱን ምረጪ። ለማየት ከሆነ ግን ሌላ ቀን ይሁን፤ በበዓሉ ቀን ቁጭ ብሎ ዓይን ማስለመድ አይታሰብም፣ ሕዝቡ ራሱ ይገፋሻል። እኔ ብሆን ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ እንደ ደረቀ፣ የበዓሉም ግርግር እንዳለፈ፣ ኅዳር ውስጥ በአዘቦት ቀን እሄዳለሁ።

አንድ የረሳሁት፦ ጫማ ይወለቃል፣ ዋሻው ውስጥ ያለው ወለል ደግሞ በጠዋት እንደ ውርጭ ይበርዳል። ለእናትሽ ሁለት ወፍራም ካልሲና የምትቀመጥበት የታጠፈ ጋቢ ያዢ። ያለዚያ ሩብ ሰዓት መቀመጡ ራሱ አይሆንላትም።